ከሐዲዱ ደንብ እስከ ፕሮግራሙ ጠባይ

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን የምትገኘው ኤረር በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ አንደኛው ፍል ውሃዋ፣ ሁለተኛው የባቡር ጣቢያዋ ነው። ስለ ፍል ውሃው ብዙ ተነግሯል። ስለ ጣቢያው ግን፣ ይልቁንም ነጠላ ሐዲድ ከሠራተኛው ስለሚጠይቀው የአነጋገር ሥርዐት፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች እምብዛም አስበው አያውቁም። ሆኖም ዛሬ ጀማሪ ፕሮግራመሮች እንደ አዲስ ትምህርት የሚቀበሉት አንድ ዘዴ ከዚያ ሥርዐት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ዘዴው በእንግሊዝኛ «ቢሄቪየር ድሪቨን ዴቨሎፕመንት» ይባላል፤ በአማርኛ በጠባይ የሚመራ የፕሮግራም አሠራር ቢባል ያስኬዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘዴውን አመጣጥ መተረክ፣ ጀማሪው ከምን እንደሚጀምር ማሳየትና አማርኛችን በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ስፍራ መመርመር ነው።

ነጠላ ሐዲድና ድርብ ጥንቃቄ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሥራው ከጂቡቲ ወገን በ1897 ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለጥቂት ዓመታት ቆሞ፣ በ1908 በተቋቋመው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ እጅ ቀጠለ፤ በ1917 ከአዲስ አበባ ገባ። ኤረር የምትገኘው ኋላ በተሠራው በዚህ ክፍል ላይ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የመሥመሩ ርዝመት ደግሞ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

አንድ ሐዲድ ብቻ ባለበት መሥመር ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ቢመጡ መሸሻ የላቸውም። መተላለፍ የሚቻለው ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለው ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይዝ ይደነገጋል። በስልክ ወይም በቴሌግራፍ በሚሠራበት ሥርዐት የአንዱ ጣቢያ ሹም ባቡሩን ከማስነሣቱ በፊት ሐዲዱ ነጻ መሆን አለመሆኑን የሚቀጥለውን ጣቢያ ይጠይቃል፤ መልሱ በመዝገብ ይጻፋል፤ የተነሣው ባቡር መድረሱ እስኪነገርም ድረስ ሌላ አይላክም።

ይህ ደንብ ሲመረመር ሦስት ክፍሎች ይገኙበታል። መጀመሪያ የነገሩ ሁኔታ አለ፤ ሐዲዱ ተይዟል ወይም ነጻ ነው። ቀጥሎ ድርጊት አለ፤ የጣቢያው ሹም ፈቃድ ይጠይቃል። በመጨረሻ ውጤት አለ፤ ፈቃዱ ይሰጣል ወይም ይከለከላል። ደንቡ የሹሙን ሐሳብ ወይም የስልኩን የውስጥ አሠራር አይናገርም፤ የሚናገረው ከውጭ የሚታየውን ጠባይ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ደንቡን ያወጣው መሐንዲስ፣ የሚፈጽመው የጣቢያ ሹምና የሚቈጣጠረው መርማሪ አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት ይረዱታል።

የጀማሪዎች ጥያቄ የወለደው ዘዴ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ወደዚህ ዓይነቱ ግልጽነት የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፕሮግራሞች ከታቀደላቸው ጊዜና ገንዘብ እያለፉ፣ ከተፈለጉበት ዓላማም እየራቁ መሄዳቸውን በሰፊው ተወያይተውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ አሜሪካዊው ኬንት ቤክ ያስፋፋው፣ ከፕሮግራሙ በፊት ፍተሻውን የመጻፍ ልማድ ነው። አሠራሩ አጭር ነው፤ ፕሮግራመሩ መጀመሪያ የሚወድቅ ፍተሻ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ያንን ፍተሻ ለማሳለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ከዚያም የጻፈውን ያስተካክላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአገራችን ብሂል የዚህን ልማድ መንፈስ በሁለት ቃል ይገልጸዋል።

ልማዱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለጀማሪዎች ግን አስቸጋሪ ሆነ። ቶትዎርክስ በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ዳን ኖርዝ ይህንን ዘዴ ሲያስተምር ተማሪዎቹ እየደጋገሙ የሚያነሡትን ጥያቄ አስተዋለ። ከየት ይጀመራል? ምን ይፈተሻል፣ ምንስ አይፈተሽም? በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይፈተሻል? ፍተሻው ምን ተብሎ ይሰየማል? ሲወድቅስ ለምን እንደ ወደቀ በምን ይታወቃል? ኖርዝ እነዚህን ጥያቄዎች የተማሪዎቹ ስንፍና አድርጎ አልቈጠራቸውም። ችግሩ «ፍተሻ» ከሚለው ቃል እንደሚመነጭ ተረዳ። ፍተሻ ሲባል ሰው ስለተሠራ ነገር ያስባል፤ ገና ያልተሠራን ነገር መፈተሽ ለጀማሪው አእምሮ አይገባም። ቃሉ «ጠባይ» በሚል ሲተካ ግን ጥያቄዎቹ በራሳቸው መልስ ያገኛሉ፤ ፕሮግራሙ ገና የሌለው፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው ጠባይ የትኛው ነው? ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

ለዚህ አስተሳሰብ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ረድተውታል። አንደኛው ክሪስ ስቲቨንሰን የተባለ የሥራ ባልደረባው የሠራው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው የፍተሻዎቹን ስሞች ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር እየለወጠ ያትም ነበር። ስሞቹ ከባለጉዳዩ ቋንቋ ሲወሰዱ የታተመው ዝርዝር ፕሮግራም ለማያውቅ ሰው ጭምር የሚነበብ ሆነ። ሁለተኛው እያንዳንዱን ስም በእንግሊዝኛው «ሹድ» በሚለው ቃል መጀመር ነው፤ በእኛ አነጋገር «ይገባዋል» እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ እንዲህ ሊያደርግ ይገባዋል ሲባል፣ አንባቢው «በእርግጥ ይገባዋልን?» ብሎ ለመጠየቅ በር ይከፈትለታል። አንድ ፍተሻ በወደቀ ጊዜም ጀማሪው ሦስት ምክንያቶችን ይመረምራል። ስሕተት ገብቶ እንደሆነ ስሕተቱ ይታረማል፤ ጠባዩ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ እንደሆነ ፍተሻውም ይከተለዋል፤ ጠባዩ ከእንግዲህ የማያስፈልግ ሆኖ እንደሆነ ፍተሻው ይሰረዛል።

ኖርዝ በ2003 መጨረሻ «ጄ-ቢሄቭ» የተባለውን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በ2004 መጨረሻ ከክሪስ ማትስ ጋር በመሆን ዘዴውን ከፕሮግራመሩ ጠረጴዛ አልፎ ባለጉዳዩ ፍላጎቱን እስከሚገልጽበት ስፍራ አሰፋው። ሁኔታ፣ ድርጊትና ውጤት የሚለው የሦስት ክፍል አጻጻፍ ቅርጹን የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ኖርዝ ታሪኩን በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ምሳሌ የባንክ የገንዘብ መክፈያ መኪና ነበር። በሒሳቡ ገንዘብ ሳለ፣ ካርዱም የጸና ሆኖ ሳለ፣ በመኪናው ውስጥም ገንዘብ ሳለ፣ ደንበኛው በጠየቀ ጊዜ ሒሳቡ ይቀነሳል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ካርዱ ይመለሳል። ኖርዌያዊው አስላክ ሄለሶይ በ2008 ያወጣው «ኪዩከምበር» የተባለ መሣሪያ ይህንን አጻጻፍ በዓለም ላይ አሠራጨው። ኪዩከምበር ኪያር ማለት ነው፤ የሚነበበው የአጻጻፍ ቋንቋም «ገርኪን» ተብሎ በትንሹ የኮምጣጤ ኪያር ስም ተሰየመ።

ዝምታ ፈቃድ አይደለም

ጀማሪው ይህንን ዘዴ የሚማረው መሣሪያውን በመጫን ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ወደ ኤረር መመለስ ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር የነጠላውን ሐዲድ ደንብ የሚያስፈጽም ፕሮግራም እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። በመጀመሪያ የሚጽፈው የሚከተለውን ይመስላል።

በኤረርና በሚቀጥለው ጣቢያ መካከል ሌላ ባቡር ሳለ፣
የኤረር ጣቢያ ሹም የማስነሻ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፣
ፈቃዱ ይከልከል፣ ምክንያቱም ይነገረው።

ቀጥሎም ተቃራኒውን ይጽፋል፤ በመካከሉ ሌላ ባቡር ከሌለ ፈቃዱ ይሰጥ። ለጀማሪው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ጽሑፉን ለጣቢያው ሹም ያነበበለት እንደሆነ ሹሙ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ «ባቡር የለም ብሎ የሚነግረኝ ማን ነው? ስልኩ ተቈርጦ እንደሆነስ?» ቀድሞ የተነሣ ባቡር ወደሚቀጥለው ጣቢያ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ በመንገድ ቆሞ መልእክቱ ሳይደርስ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። «ሌላ ባቡር መኖሩ አልተነገረም» እና «ሐዲዱ ነጻ መሆኑ ተነግሯል» የሚሉት ሁለት ሁኔታዎች ለጀማሪው አንድ ናቸው፤ ለሐዲዱ ሰው ግን በመካከላቸው የሰው ሕይወት አለ። ስለዚህ ሦስተኛ ምሳሌ ይጨመራል።

ቀድሞ የተነሣው ባቡር መድረሱ ሳይነገር፣
የኤረር ጣቢያ ሹም የማስነሻ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፣
ፈቃዱ ይከልከል።

ሁለተኛውም ምሳሌ ይታረማል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ሐዲዱ ነጻ መሆኑ በተነገረ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ይህችን ሦስተኛ ምሳሌ ያስገኘው ኮምፒዩተር አይደለም፤ ንግግር ነው። በዚህ ዘዴ አያሌ ያስተማረችው ሊዝ ኪዮ የሦስቱን ደረጃ ስታስቀምጥ መነጋገርን ከሁሉ ታስቀድማለች፤ የተነጋገሩትን መጻፍ ሁለተኛ፣ የተጻፈውን በመሣሪያ ማስፈተሽ ሦስተኛ ነው። ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት ሦስተኛውን ተምረው የመጀመሪያውን በመተዋቸው ነው። ፕሮግራሙን ከጨረሱ በኋላ ለብቻቸው ተቀምጠው ምሳሌዎቹን ይጽፋሉ፤ እንዲህ የተጻፈ ምሳሌ የጸሐፊውን ግምት መልሶ ለራሱ ከማንበብ አያልፍም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት በጠባይ ፋንታ የእጅ እንቅስቃሴን መዘርዘር ነው። «ገጹን ይክፈት፤ ስሙን ይጻፍ፤ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫን» ተብሎ የተጻፈ ምሳሌ የቁልፉ ቀለም በተለወጠ ቀን ይወድቃል፤ ባለጉዳዩም በውስጡ ደንቡን አያገኘውም። «የማስነሻ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ» የሚለው ግን ጥያቄው በቴሌግራፍ ቢቀርብ፣ በስልክ ቢቀርብ ወይም በኮምፒዩተር ቢቀርብ እንደ ጸና ይኖራል።

የአማርኛው ነገር

መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የምሳሌ መሥመር በቁልፍ ቃል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው «ጊቭን»፣ «ዌን» እና «ዜን» ናቸው። መሣሪያው ቁልፍ ቃሉን ለይቶ የቀረውን ዐረፍተ ነገር ፕሮግራመሩ አስቀድሞ ካዘጋጃቸው ቅጾች ጋር ያመሳክራል። የሚስማማውን ባገኘ ጊዜ ከቅጹ ጋር የተያያዘውን ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ሳያገኝ ሲቀር መሥመሩ ፍች የሌለው መሆኑን ያስታውቃል፤ ውጤቱ ከተጠበቀው ሲለይ ደግሞ በቀይ ያሳያል።

ገርኪን ከ70 በሚበልጡ ቋንቋዎች ሊጻፍ ይችላል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደንብ ውስጥ መግባቱ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው እንቅፋት የቋንቋው መለያ ነው። በዓለም አቀፉ መዝገብ «ኤ-ኤም» የሚሉት ሁለት ፊደላት የአማርኛ ሲሆኑ፣ በገርኪን መዝገብ ግን የተሰጡት ለአርመንኛ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ የገባው «ኤ-ኤም-ኤች» በሚለው የሦስት ፊደል መለያ ነው። ይህንን ያላወቀ ጀማሪ መሣሪያው አማርኛ አይችልም ብሎ ተስፋ ሊቈርጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የጠለቀ ነው። በመዝገቡ ለሁኔታው «የተሰጠ»፣ ለድርጊቱ «መቼ»፣ ለውጤቱ «ከዚያ» የሚሉ ቃላት ገብተዋል። የተረጎሙት ሰዎች ያደረጉት አስተዋጽኦ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ትርጉሙ የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው። በአማርኛ «መቼ» የጥያቄ ቃል ነው፤ «መቼ የጣቢያው ሹም ፈቃድ ጠየቀ» ተብሎ ሲነበብ ሰሚው ሰዓቱን ሊናገር ይዘጋጃል። እንግሊዝኛ ሁኔታን የሚያመለክተውን ቃል ከፊት ያስቀምጣል፤ አማርኛ ግን ምልክቱን ከግሡ ጋር አያይዞ ወደ መጨረሻ ያመጣዋል። «ሐዲዱ ተይዞ ሳለ»፣ «በጠየቀ ጊዜ»፣ «ሳይነገር» የሚሉት አነጋገሮች የሦስቱን ቁልፍ ቃላት ሥራ በራሳቸው ይፈጽማሉ። የሕግ አማርኛም «እንደሆነ» በሚለው ቃል ሁኔታን አስቀድሞ ውጤትን ማስከተልን ከለመደው ሰንብቷል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በገርኪን ውስጥ አለ። በማናቸውም ቋንቋ ቢጻፍ በቁልፍ ቃሉ ምትክ ከመሥመሩ ራስ ላይ የኮከብ ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ እያንዳንዱን መሥመር በኮከብ ጀምሮ ዐረፍተ ነገሩን ቋንቋው በሚወደው አኳኋን ሊጨርሰው ይችላል። ከላይ የቀረቡት የኤረር ምሳሌዎች በየመሥመራቸው ራስ ላይ ኮከብ ቢጨመርባቸው፣ ከበላያቸውም የሥራው ርእስና የምሳሌው ስም ቢጻፍ፣ መሣሪያው ያነብባቸዋል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ስለ ሞክሼ ፊደላት ነው። ለአንባቢው «ሐዲድ» እና «ሀዲድ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱ የሥራ ባልደረባ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ቢጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ከቅጹ ጋር አይገጥምም፤ ጀማሪውም የማይታይ ስሕተት ሲፈልግ ይውላል። «ጠየቀ» እና «ጠየቀች» መለያየታቸውም እንዲሁ ነው። ስለሆነም ሥራው ሳይጀመር የቃላቱ አጻጻፍ በመዝገብ ቢወሰን ይመረጣል። ይህ ለመሣሪያው ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። ኤሪክ ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ባለጉዳዩና ፕሮግራመሩ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖራቸው ያስተማረው ምክር በእኛ ዘንድ ከፊደል ይጀምራል ማለት ነው።

የባቡሩ ታሪክ በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ምስክር አለው። ኩባንያው ሥራውን ያካሂድ የነበረው በፈረንሳይኛ ነው። ሕዝቡ ግን «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ወስዶ «ለገሃር» አለው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ለገሃር የሚል ሰው ፈረንሳይኛ የተናገረ አይመስለውም። ባዕድ መኪና ይዞት የመጣው ቃል የአገር ቃል የሚሆነው ተጠቃሚው እንደ አንደበቱ ሲያስተካክለው ነው።

የዘዴው ወሰን

ይህ ሁሉ ሲባል ከዘዴው የማይገኝ ነገር እንዳይጠበቅ ማስገንዘብ ይገባል። በጃንዋሪ 1985 በዚሁ የባቡር መሥመር በአዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ የወጣው ባቡር ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ ለአደጋው በምክንያትነት የተነገረው ባቡሩ ወደ ድልድዩ በሚያደርሰው ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። በጥምዝ ላይ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት የማያውቅ የባቡር ሰው የለም። ደንብ መታወቁና ደንብ በሥራ ላይ መዋሉ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጠባይ የሚመራ አሠራር ለፕሮግራሙ የሚያበረክተው ይህንን ርቀት ማጥበብ ነው፤ የተጻፈው ደንብ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቍጥር እንደገና ይፈተሻል፤ የተጣሰም እንደሆነ በዚያው ቀን ይታወቃል። ያልተነገረ ሁኔታ ግን አይፈተሽም። የጣቢያው ሹም ስለ ተቈረጠው ስልክ ባይጠይቅ ኖሮ ሁሉም ምሳሌዎች በአረንጓዴ ቀለም ያልፉ፣ ፕሮግራሙም አደጋን ይፈቅድ ነበር።

በኤረር በኩል ያልፍ የነበረው የአሮጌው ሐዲድ አገልግሎት ከቆመ ዓመታት ተቈጥረዋል። በእርሱ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ስፋቱ 1.435 ሜትር የሆነው አዲስ መሥመር በ2016 ተመርቆ በ2018 የንግድ አገልግሎት ጀምሯል። ይህም መሥመር ከአዳማ እስከ ጂቡቲ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ የጥንቱ ጥያቄ ዛሬም አለ፤ ሐዲዱ ነጻ ነውን? ከድሬዳዋና ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ትምህርት አጠናቀው የሚወጡ ወጣቶች ለባቡር፣ ለጉምሩክ፣ ለጤና ጣቢያና ለከብት ገበያ ፕሮግራም መጻፋቸው አይቀርም። የሚያገለግሉት ሕዝብ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚነጋገር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጻፍባቸው ቃላት ግን የእንግሊዝኛ ናቸው።

በዚህ መካከል ለቆመው ጀማሪ የዘዴው የመጀመሪያ ትምህርት ከመሣሪያው በፊት የሚመጣ ነው። ይኸውም የፕሮግራሙን ጠባይ ባለጉዳዩ ሰምቶ «የለም፣ እንዲህ አይደለም» ሊለው በሚችለው ዐረፍተ ነገር መናገር ነው። ባለጉዳዩ ዝም ያለ እንደሆነ ጀማሪው ተስማምቷል ብሎ አይለፍ፤ ደግሞ ይጠይቀው። የነጠላ ሐዲድ ሰው ከሚቀጥለው ጣቢያ መልስ ሳይሰማ ባቡር አያስነሣምና።